የውሻ ሆድ መነፋት ምንድን ነው?

የሆድ መነፋት በራሱ የበሽታ ስም ሳይሆን ምልክት ነው፤ ሆድ ውስጥ ጋዝ፣ ፈሳሽ፣ ደም፣ ስብ ወይም ከመጠኑ በላይ ያደገ አካል መኖሩን ያመለክታል እንጂ የትኛው እንደሆነ ብቻውን አይለይም። ስለዚህ ሆዱ ምን ያህል ተነፋ ከሚለው ይልቅ በምን ያህል ጊዜ ተነፋ የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት።

በሰዓታት ውስጥ ከሚከሰቱት መካከል እጅግ አስቸኳዩ የጨጓራ መጠምዘዝ ነው። በጋዝ የተወጠረው ጨጓራ በራሱ ዙሪያ ሲዞር መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፤ ጋዙ እየበዛ በሄደ ቁጥር ጨጓራው ከኋላኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን የደም ዝውውር ይዳከማል፣ ጣፊያም አብሮ ሊጠማዘዝ ይችላል። ውሻው ይቁነጠነጣል፣ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ለማስመለስ ደጋግሞ ቢታገልም ምንም አይወጣውም። ከሆዱ መጠን ይልቅ ይህ የመጨረሻው ምልክት ሊታመን ይገባል፤ ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ውሾች ጨጓራው ከጎድን አጥንት ሥር ስለሚደበቅ ሆዱ ብዙም ያልተነፋ ሊመስል ይችላልና። እንደ ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድና ጀርመን ሼፐርድ ያሉት ግዙፍ ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ የቀኑን ምግብ በ1 ጊዜ መስጠትና ተስገብግቦ መብላትም አደጋውን ይጨምራሉ። ሳይታከም ከቆየ በሰዓታት ውስጥ ስለሚገድል ቤት ውስጥ ጋዙን ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሐኪሙ ጋዙን በቱቦ ወይም በመርፌ ካስተነፈሰ በኋላ በቀዶ ሕክምና ጨጓራውን ወደ ቦታው መልሶ ከሆድ ግድግዳ ጋር ይሰፋዋል፤ ስፌቱ ግን የሚከላከለው ዳግም መጠምዘዝን እንጂ መነፋትን አይደለም።

ጣፊያ ላይ የበቀለ ዕጢ ፈንድቶ ሲደማም ሆድ በድንገት ይሰፋል፤ የውሻው ድድ ይነጣል፣ አቅሙም ይከዳዋል።

በሳምንታት ቀስ እያለ የሚሰፋ ሆድ ብዙውን ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነው። የቀኝ ልብ ድካም ደም በሥሮች ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ የጉበት ሕመም ደግሞ ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያሳንሳል፣ በዚህም ፈሳሹ ወደ ሆድ ይሰርጋል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ሲበዛ ግን ፈሳሽ ሳይኖር የሆድ ጡንቻ ይላላል፣ ጉበትም ይተልቃል፤ ውሻው ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ፀጉሩም ይሳሳል። ባለቤቶች ይህን እርጅና ወይም ውፍረት ነው ብለው ሲያልፉት ይታያል።

በቡችሎች ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው፤ ትሉ ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ስለሚተላለፍ ንጹሕ ቤት ውስጥ መወለድ ብቻውን አያድናቸውም። ሴት ውሻ ላይ ደግሞ 63 ቀን ገደማ ከሚቆየው እርግዝና በተጨማሪ ማህፀን መግል ሊሞላ ይችላል፤ ይህም በአብዛኛው የሚከሰተው ወንድ የመፈለጊያ ወቅቷ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

ሐኪሙ እነዚህን የሚለየው በመዳሰስ፣ በራጅና በአልትራሳውንድ ነው፤ ፈሳሽ ካገኘም ጥቂት በመርፌ ቀድቶ ደም፣ መግል ወይም የጠራ ውሃ መሆኑን ይመለከታል።