እርግብግቢት በሽታ አይደለም፣ በቅቤም አይደፈንም

ድሬ ህፃናት ክፍል ስሰራ ብዙ አመቴ ነው፣ እንደዚህች ቃል ያሰለቸኝ ግን የለም። "ሲስተር፣ ልጁን እርግብግቢት ይዞት ነው" ይሉኛል፣ ልክ ጉንፋን ያዘው እንደሚባለው፣ እንዲደፈን ብለውም አናቱን ቅቤ ይቀቡታል። አቦ፣ ሁሉም ህፃን ይዞት ነው የሚወለደው!

ስለ ራስ ቅል የሚባሉትን ትንንሾቹን ስህተቶች ልጨርስ መጀመሪያ። ራስ ቅል አንድ አጥንት ነው የምትሉ፣ ቅል ስለተባለ አንድ ወጥ መስሏችሁ ነው፤ 22 አጥንት ነው፣ 8ቱ አንጎሉን የሚከቡት፣ 14ቱ የፊት። ራጅ ላይ መስመር አይታችሁ "ተሰንጥቋል" የምትሉም፣ አጥንቶቹ የተገጣጠሙበት ስፌት የሚባል አለ፣ ለሀኪሙ ተዉለት።

ወደ እርግብግቢት። የህፃን ራስ ቅል አጥንቶች ገና አልገጠሙም፣ ሲወለድ ጭንቅላቱ ተጨምቆ እንዲያልፍ፣ አንጎሉም ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ከፊት በኩል ያለው ክፍተት ነው እርግብግቢት፣ ከልብ ምቱ ጋር ስለሚርገበገብ። ከኋላም ትንሽ አለች፣ እሷ በ2 በ3 ወር ትገጥማለች፣ የፊቱ ባብዛኛው ከ1 አመት እስከ አመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ እስከ 2 አመት። ቅቤ ተቀባ አልተቀባ በራሱ ጊዜ ነው። "ከተነካ አንጎሉ ይጎዳል" ደግሞ ይባላል፣ ከስር ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ቀስ ብላችሁ እጠቡት እባካችሁ፣ ቅቤና አቧራ ተጋግሮበት የሚመጣ ጭንቅላት ስንት አይቻለሁ።

እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ግን ልጁ ውሀ አልቆበታል ማለት ነው። አፉ ደርቆ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱም ከቀነሰ ቶሎ አምጡት፣ እስክትደርሱ ጡት አታቋርጡ። ተቅማጥ ከሆነ ኦአርኤስ (በውሀ የሚበጠበጠው ዱቄት) ስጡት፣ ዚንኩንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳን 10 ቀን ጨርሱት። ደህና ለሆነው ልጅ ደግሞ ሙቀት ነው ብላችሁ ከ6 ወር በፊት ውሀ አትስጡት፣ የድሬ ሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ይበቃዋል። እርግብግቢቱ ሲያለቅስ ቢያብጥ ችግር የለም፣ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ተይዞ ካበጠና ትኩሳት ካለው ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

ባለፈው ሰኔ ከገንደ ቆሬ አንድ የ8 ወር ልጅ አመጡ፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዶ ቅቤው ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። አያትየዋን "እማማ፣ ተቅማጥ አለው እንዴ?" ስላቸው "እሱማ የጥርስ ነው፣ 3 ቀኑ ነው" አሉኝ። የጥርስ ተቅማጥ የሚባልም የለም፣ ይህ ሌላ ራስ ምታቴ ነው። በደም ስሩ ፈሳሽ ተሰቀለለት፣ ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ ውለን ማታ ላይ እርግብግቢቱ ተመለሰ፣ ልጁም ጡት ያዘ።

አያትየዋ ጭንቅላቱን ዳበስ ዳበስ አርገው ወደኔ ዞሩ፣ "አየሽ ሲስተር፣ ቅቤ እስኪሰራ ጊዜ ይፈልጋል እኮ።"