ተነሳሽነት ምንድን ነው? እግር እምቢ ስላለበት ጠዋት

ጅማ ውስጥ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያድርና ንጋት ላይ ካፊያ ይሆናል። ማታ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ቱታ ከተቀመጠበት ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ብርድ ልብሱን ወደ አገጬ እስባለሁ። እንዲህ ባለው ጠዋት ለራሴ የማቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዛሬ ተነሳሽነት የለኝም።» አባባሉ እውነት ይመስላል። ስሕተቱ ያለው ከጀርባው ባለው ስሌት ላይ ነው። ተነሳሽነት እንደ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ የሚገባ፣ እስኪገባ ድረስም ተኝተን የምንጠብቀው ነገር ይመስለናል።

ቃሉ ራሱ ግን ሌላ ይናገራል። ተነሳ፣ አነሳ፣ አነሳሳ፣ ተነሳሽ፣ ተነሳሽነት፤ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፣ ሥሩም መነሳት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተነሳሽነት የሚሉት አንድን ነገር እንድንጀምር የሚገፋንን፣ ምን ያህል ጠንክረን እንደምንሠራውና እስከ መቼ እንደምንዘልቅበት የሚወስነውን ውስጣዊ ኃይል ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አጉረናል። አንደኛው ውሳኔ ነው፤ «ጤናዬን ልጠብቅ፣ ስፖርት ልሥራ» የሚለው። ሁለተኛው የዚያች ደቂቃ ስሜት ነው፤ ተነስ ተነስ የሚለው ግፊት። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ «ተነሳሽነት የለኝም» ስል ውሳኔዬን አልቀየርኩም። ስለ ጤና ያለኝ አስተያየት ትናንት ማታ እንደነበረው ነው። የጎደለኝ ሁለተኛው ብቻ ነው። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም፤ ስፖርት ለመሥራት ከልባቸው ካሰቡ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሐሳባቸውን ሳይፈጽሙ እንደሚቀሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

የውሳኔንና የስሜትን ልዩነት ደግሞ የጅማ ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ በምርቃና የተነደፈ ዕቅድ ስንት አለ! ፎቅ የሚሠራው፣ ንግድ የሚከፍተው፣ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ሁሉ እዚያ ፍራሽ ላይ ነው የሚገኘው። ስሜቱ የውሸት አይደለም፤ ግን ስሜት ነው፣ ሰዓቱ ሲያልፍ እሱም ያልፋል። ጠዋት የሚቀረው ዕቅዱን የማያስታውስ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ነው። እኔም በዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አንድ ሁለት ማራቶን አሸንፌአለሁ።

እንግዲህ ስሜቱን ማሳደግ መፍትሔ ይመስላል። ስለ ልብ ሕመም ማንበብ፣ አነቃቂ ንግግር ማዳመጥ፣ የቀጭን ሰው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ይህን ፈትኖ አስገራሚ ነገር አገኘ። 248 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስለ ስፖርት ጥቅም ምንም አልተነገረውም። ሁለተኛው ስፖርት ልብን ከበሽታ እንዴት እንደሚከላከል የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበበ። ሦስተኛው ያንኑ ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በመጪው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት ስፖርት እንደሚሠራ በጽሑፍ አሰፈረ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35 በመቶ፣ ከሦስተኛው ደግሞ 91 በመቶ የሚሆኑት ስፖርት ሠርተው ተገኙ። ንባቡ የሁለተኛውን ቡድን ፍላጎት ከፍ አድርጎለት ነበር፤ እግሩን ግን አላንቀሳቀሰውም። ውጤቱ ተማሪዎቹ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የተመሠረተና የአጭር ጊዜ መሆኑ አይካድም፤ በሌሎች ጥናቶችም የታየው ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን ተመሳሳይ ነው።

ይህን ዓይነቱን ዕቅድ በሰፊው ያጠናው ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ።» «በዚህ ሳምንት ስፖርት እሠራለሁ» ማለት ምኞት ነው። «ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ቤት ሳልገባ እስከ ስታዲየሙ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ» ማለት ግን ለሰዓቱና ለቦታው ሥራ መስጠት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጥያቄ አይነሳም።

ነገሩን ከመጽሐፍ በፊት ያሳዩኝ ግን ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ሱብሂ ሰግደው ከመስጊድ ሲወጡ ወደ ቤት አይመለሱም፤ ከዘራቸውን ይዘው እስከ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ይወርዱና ዞረው ይመጣሉ። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ሀጂ፣ የሚያስጠላዎት ቀን የለም?»

«ለምን አይኖርም ልጄ፤ ግን ከመስጊድ ስወጣ መንገድ ላይ ነኝ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ከማን ጋር ይመካከራል?»

እኔ የምመካከረው አልጋ ላይ ነው፤ ከክፉ አማካሪ ጋር። ሰው እንደነቃ አንጎሉ ወዲያው አይነቃም። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ እንቅልፍ ላነሰው ደግሞ ከዚያም በላይ የሚቆይ ድንዛዜ አለ። የሰውነት ሙቀትም ንጋት አካባቢ ከቀኑ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። «ዛሬ ልሥራ ወይስ ልተው?» የሚለውን ጥያቄ በዚያች ሰዓት ማቅረብ ማለት ጉዳዩን ላንቀላፋ ዳኛ መስጠት ነው።

ከአልጋ ወርደን መንገድ ከጀመርን በኋላም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስቀያሚ ናቸው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። እግር መንቀሳቀስ እንደጀመረ ጡንቻ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልብና ሳንባ ግን ፍላጎቱ ላይ ለመድረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። በመካከሉ ጡንቻው ያለ ኦክስጅን ከሚያገኘው ጉልበት ይበደራል። ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እግር ድንጋይ ይሆናል። ሰውነት ሲሟሟቅ ደም በደንብ ይዘዋወራል፣ ትንፋሽም ልክ ይይዛል። ስለዚህ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ የተመለሰ ሰው ስፖርትን አልቀመሰውም። የቀመሰው መግቢያውን ነው።

አልጋ ላይ ሆነን የምናስበውም ይኼንኑ መግቢያ ነው። የካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስፖርት ከመሥራታቸው በፊት ምን ያህል እንደሚደሰቱበት ሲጠየቁ የሰጡት ግምት ከሠሩ በኋላ ከተሰማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሐሳባቸው የሚያርፈው ከባዱ ጅማሬ ላይ መሆኑ ነበር። ጥሬ ቡና እጅ ላይ ይዞ ሽታ እንደመጠበቅ ነው፤ መዓዛው የሚመጣው ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ድባቴን ለማከም ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠበቅ ሰውየው ቀድሞ ትንሽ ነገር እንዲሠራ ይደረጋል፤ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል።

ጅማ ደግሞ ይህን መግቢያ ከሚገባው በላይ ለማክበድ የተመቸ ቦታ አላት። ወደ ጂሬን የሚወስደውን ዳገት ማለቴ ነው። ላዩ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፣ ከተማዋም ከዚያ ሆና ስትታይ ታምራለች፤ ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ቀኑን እዚያ ላይ ማሳለፍ ያምረዋል። አዲስ ጫማ አስሮ፣ በሩጫ ጀምሮ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቱን ይዞ ይቆማል። በማግሥቱ እግሩ ታስሮ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ስለ ስፖርት ባይሆንም እዚህ ጋ ልኩን አግኝቷል። አሥር ደቂቃ ሜዳው ላይ በእርምጃ ተሟሙቆ ዳገቱን ከዚያ መጀመር ይቻላል። የልኩ መለኪያ ምላስ ነው፤ እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ ጥሩ ነው።

አስጠሊ በሆነ ቀን የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ጫማ ማሰር። በር መውጣት። አምስት ደቂቃ መራመድ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከተፈለገ ያለ ጸጸት መመለስ። ይህ ራስን ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ውሉን በእውነት ማክበር ይሻላል ባይ ነኝ። አምስት ደቂቃ ብሎ ራሱን አምሳ ደቂቃ ያስሮጠ ሰው በሚቀጥለው ቀን ራሱን አያምንም። ደግሞም አምስቷ ደቂቃ ከንቱ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀድሞ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያልዘለቀ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ግን ይህ ገደብ ተነሥቷል። ባጃጅ ሳይሳፈሩ ወደ መርካቶ መሄድም ይቆጠራል።

ስለ ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ ካፌይን የድካምን መልእክት የሚያስተላልፈውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጋርዳል፤ ልፋቱም ቀለል ብሎ ይሰማል። በርትቶ የሚሠራው ከተጠጣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ብቻ አንድ ስኒ አፍልቶ መነሳት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከተጠበቀ ጨዋታው ደርቶ ጠዋቱ ያልቃል፣ ለዚህ ምስክር ነኝ።

አንድ ቀን መቅረትስ? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት አንድ አዲስ ተግባር ሳይታሰብበት የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ ገምቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህን ያህል አላበላሸውም። የሚያበላሸው ከቀረንበት ቀን ይልቅ «አንዴ ከተበላሸ ይቅር» የሚለው ቁጣችን ይመስለኛል።

እምቢታ ሁሉ ግን ስንፍና አይደለም። ትኩሳት ያለው፣ ወባ ይዞት የከረመ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው መተኛት አለበት። ሌሊቱን ያልተኛም እንቅልፉን ቢያስቀድም ይሻለዋል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ሰዓቱን መቀየር ማቆም ማለት አይደለም፤ ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለ እርምጃ የሚመቻቸው ብዙዎች ናቸው። ደረቱን የሚወጋው ሰው ሐኪም ሳያየው አይሩጥ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስፖርቱ ብቻ ሳይሆን ምግቡም፣ ጨዋታውም፣ ሰውም ያስጠላው እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከተነሳሽነት ያለፈ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ይገባል።

ዛሬ ጠዋት ካፊያው አላቆመም። የእኔ ቀመር «ውጭ ከዘነበ፣ በረንዳ ላይ ገመድ እዘልላለሁ» የሚል ነው፤ ማታ ጽፌ ገመዱን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ቱታውን ስለብስ አላማረኝም። አንደኛው ደቂቃ ላይ ገመዱ ሁለት ጊዜ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ አራተኛው ላይ ትንፋሼ ተስተካከለ። ስምንተኛው ላይ ሀጂ በከዘራው ፋንታ ጃንጥላ ይዘው በአጥሩ በኩል አለፉ።