የጅምላ መጋዘን ትዕዛዝ የሚዘገየው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ከጂቡቲ በሚሌ በኩል የሚገባውንም ከአዲስ አበባ የሚመጣውንም ዕቃ ተቀብላ ወደ ደሴ፣ ባቲና ወልድያ ታከፋፍላለች። ትዕዛዝ ሲዘገይ በመጋዘኖቿ የሚሰጠው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አይደለም።

«ሰው ቢጨመር ይፈጥናል»

ዕቃ አውጪው ጊዜው የሚያልቀው ካርቶን በማንሳት ሳይሆን በመመላለስ ነው፤ መራመዱ ብቻ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ያህል ሊወስድ ይችላል። በጠባብ መተላለፊያ ሰው ሲጨመር ጋሪ ከጋሪ ይጋጠምና አንዱ ሌላውን ቆሞ ይጠብቃል። ከመቅጠር በፊት ዕቃ አውጪው አንድ ቀን ሙሉ የሄደበትን መስመር ወረቀት ላይ ሣሉት።

«በየዓይነቱ ከተደረደረ በቂ ነው»

በየዓይነቱ መደርደር ለቆጠራ ይመቻል፤ ለማውጣት ግን አይመችም። እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህን ማስተካከል ነው። ያለፉትን 3 ወራት የዕቃ ወጪ ደረሰኞች አውጡና እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ቁጠሩ። የሚቆጠረው የካርቶኑ ብዛት አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ 50 ካርቶን የወጣለት ዕቃ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በቀን 10 ጊዜ አንድ አንድ ካርቶን የሚጠየቀው በር አጠገብ ይሁን። ከባዱ፣ ለምሳሌ የዘይት ካርቶን፣ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ይቀመጥ፤ ሶፍትና ዳይፐር ከላይ ይሁኑ። የዱቄት ሳሙና ከሻይ ቅጠል ጋር ደጋግሞ ቢታዘዝም ጎን ለጎን አይቀመጥም፤ ሽታው ይጋባል። በር አጠገብ ስለተባለ ደግሞ ወለል ላይ አይከመርም። ከወለሉ 10፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ካልራቀ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ካርቶኑ ከሥር ይላሽቃል፣ ክምሩም ይዘማል።

«አንዱን ትዕዛዝ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ስህተት ይቀንሳል»

12 ሱቆች አዘዙ እንበል፣ አንዱ ዙር 120 ሜትር ነው። ለየብቻ ሲወጣ 1,440 ሜትር ይሆናል። አራት አራቱን አንድ ላይ ብታወጡ፣ ዙሩ ወደ 180 ሜትር ቢረዝም እንኳ፣ በ3 ዙር 540 ሜትር ነው። ስህተት የሚመጣው ሁሉንም ባንድ ጋሪ ደባልቆ በኋላ ለመለየት ሲሞከር ነው። ጋሪው ላይ ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተጻፈባቸው ሳጥኖች ይኑሩ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ እንደተነሳ እዚያው በየሳጥኑ ይግባ። ሙሉ ካርቶን ከሆነ የሱቁ ቁጥር በማርከር ይጻፍበት። ብቻውን ጋሪ የሚሞላ ትዕዛዝ ግን ለብቻው ይውጣ።

«ባርኮድና ሶፍትዌር ካልገባ አይስተካከልም»

መጀመሪያ የሚያስፈልገው አድራሻ ነው። ሀ-03-2 ማለት መተላለፊያ ሀ፣ መደርደሪያ 3፣ ከታች ሁለተኛው እርከን ነው። የማውጫ ዝርዝሩ፣ ማለትም ዕቃ አውጪው ይዞት የሚዞረው የታዘዙ ዕቃዎች ዝርዝር፣ በዚህ አድራሻ ቅደም ተከተል ከታተመ ኤክሴል ይበቃል። ዕቃ ቦታ ሲቀይር ግን አድራሻው የተመዘገበበት ካርድም በዚያው ሰዓት ይስተካከል። አለበለዚያ ዝርዝሩ ባዶ መደርደሪያ ፊት ያቆማችኋል።

«መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ»

የሚበላሽ ዕቃ የሚወጣው በመግቢያው ሳይሆን በማብቂያ ቀኑ ነው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ከውጭ በሚገባው ላይ ደግሞ በፈረንጆቹ ይታተማል። ጥር 2019 እና ጃንዋሪ 2027 አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ያለ ይመስለዋል። ዕቃው ሲገባ ሁሉም ወደ አንድ አቆጣጠር ተቀይሮ በትልቁ ይጻፍበት።

«ከመጋዘን ከወጣ ሥራው አልቋል»

ለደሴ፣ ለሐይቅ፣ ለውጫሌ፣ ለመርሳና ለወልድያ በሚጫን አይሱዙ ላይ መጀመሪያ የሚገባው የወልድያው ነው፤ የደሴው በር ላይ ይሁን። በዘፈቀደ ከተጫነ ሐይቅ ላይ አምስት ካርቶን ለማውረድ ግማሹ መኪና ይራገፋል። የደሴው ሲራገፍ ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀሪው በጠመዝማዛው እንዳይንሸራተት ገመዱ እዚያው እንደገና ይጥበቅ።