የ12 ዓመት የጣሪያ ዋራንቲ ምንድን ነው?

«ጣሪያው እኮ የ12 ዓመት ዋራንቲ አለው፤ ምን አስጨነቀህ?» አሜሪካ ውስጥ አዲስ ትራቭል ትሬይለር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ ገዝተው ጣሪያው ላይ እንከን ላገኙ ሰዎች ይህ ሲነገራቸው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን የሰማሁት ግን አላስቀምጥ አለኝ። ገዢው ተጎታቹን ከተረከበ ገና ዓመት አልሞላውም። ከቁም ሣጥኑ በላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት አይቷል። አንድ መካሪ «የጉዞው ወቅት ይለፍና ተረጋግተህ ለጥገና ትወስደዋለህ፤ ከ10 ዓመት በላይ ጊዜ አለህ» አለው። እኔ የምተዳደረው እነዚህን ጣሪያዎች በመመርመርና በመጠገን ነው። «ጊዜ አለህ» ተብለው የቆዩ ሰዎች የሚያመጡትን ጣሪያ ስገልጥ፣ ከሥር ያለው ኮምፔንሳቶ በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል። ያኔ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

12 ዓመት የተባለው ቃል ጣሪያው ውሃ አያስገባም የሚል ቃል አይደለም። ከላይ የተነጠፈውን ሽፋን፣ ማለትም ሜምብሬኑን፣ ያመረተው ፋብሪካ ስለ ምርቱ የገባው ቃል ነው። ሜምብሬኑ በአብዛኛው ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ወይም ቲፒኦ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፋብሪካው የሚለው «ምርቴ በራሱ ጉድለት ቢሰነጠቅ እተካለሁ» ነው። ዘመኑ እንደየምርቱ 10፣ 12፣ 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ግን ይህ ፋብሪካ የእናንተን ተጎታች አይቶት አያውቅም። ቀዳዳ አልበሳበትም፣ ብሎን አላሰረበትም፣ ጠርዙን አላሸገም። ይህን ሁሉ ያደረገው የተጎታቹ አምራች ነው፤ የእሱ ዋራንቲ ደግሞ በአብዛኛው 1 ዓመት ነው። አንዳንዶች ለመዋቅሩ 2 ወይም 3 ዓመት ይሰጣሉ፤ «መዋቅር» ሲባል ምን ምን እንደሚያጠቃልል የሚወስነው ግን ያው ወረቀቱ ስለሆነ አንብቡት። ጣሪያው ላይ የተቀመጡት ኤሲ፣ ማራገቢያና የብርሃን መስኮትም የየራሳቸው አምራችና የየራሳቸው ወረቀት አላቸው።

ልብስ ማሰፋትን አስቡ። ሸማኔው ለጨርቁ ይቆማል፣ ልብስ ሰፊው ለስፌቱ። ጨርቁ በራሱ ቢሳሳ ሸማኔውን ትጠይቃላችሁ። ብብቱ ሥር ቢተረተር ግን ወደ ሸማኔው ብትሄዱ፣ ጨርቁን ዘርግቶ አይቶ «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። ኤሲውና ቬንቶቹ (የአየር ማስወጫዎቹ) የገቡባቸው ክፍተቶች የቁልፍ ቀዳዳዎች ናቸው፤ የፊቱና የኋላው ጠርዝ እጅጌው የተቀጠለበት ስፌት ነው። ተጎታቹን የሸጠላችሁ ነጋዴ፣ ዲለሩ፣ ልብሱን የሸጠላችሁ ባለሱቅ ነው። አልሸመነም፣ አልሰፋም፤ ነገር ግን የተተረተረውን የሚሰፋው እሱ ነው፣ ሒሳቡን ከልብስ ሰፊው ሊቀበል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ለመርፌውና ለክሩ የሚከፍለው ቀድሞ በተመነው ሰዓት ልክ ነው፤ ባለሱቁ ፈትቶ ከመስፋት ይልቅ ከላይ ጣል ጣል አድርጎ መመለስ የሚቀናው ለዚህ ነው። ምሳሌው የማያስኬደው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የተተረተረ ልብስ ወዲያው ይታያል፤ በጣሪያው ስፌት የገባ ውሃ ግን በእንጨቱና በፎሙ መካከል ርቆ ሄዶ ነው ብቅ የሚለው። ከቁም ሣጥኑ በላይ የታየው ምልክት ቀዳዳው ከቁም ሣጥኑ በላይ ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ ውሃው የሚገባው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በስፌቱ በኩል ነው። በስፌቱ የሚጠየቀው ባለ 1 ዓመቱ ወገን ነው። ባለ 12 ዓመቱን ወረቀት ይዞ መረጋጋት ማለት ትክክለኛውን ዓመት ቁጭ ብሎ ማሳለፍ ማለት ነው።

ጣሪያውን ስትመለከቱ ሜዳውን፣ ማለትም ገላጣውን መሃል፣ ትታችሁ ጠርዙን እዩ። ሜምብሬኑ አልቆ የፊቱ ግንባር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ታስሯል፤ ከሥሩ ቡቲል የሚባል ተጣባቂ የጎማ ቴፕ አለ፣ ከላዩ ደግሞ ሲላንት የሚባለው ውሃ እንዳይገባ የሚያሽግ ማጣበቂያ ፈሶበታል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ አግድም ስትመታው፣ በሲላንቱ ላይ ክብ ጉብታ ተደርድሮ ካያችሁ ብሎኖቹ በመንገድ ንዝረት እየወጡ ነው። የሲላንቱ ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ካለ አልያዘም ማለት ነው። በአዲስ ተጎታች ላይ በብዛት የማገኘው ደግሞ ጭራሹን ሲላንት ያልደረሰው ቦታ ነው፤ ከቬንቱ አራት ጎን ሦስቱ ጥሩ ሆነው፣ ኤሲው አጠገብ ያለውና እጅ የማያስገባው አራተኛው ጎን ባዶውን ይገኛል። ሜምብሬኑ ሜዳ ላይ አየር የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ብዙ ጊዜ ውሃ አያስገባም፤ ቢሆንም ፎቶ አንሱት፣ እያደገ ከሄደ ማስረጃ ይሆናል። ጠንካራና ሹል ጉብታ ከሆነ ግን ከሥር የቀረ ስቴፕል፣ ማለትም የእንጨት ማያያዣ ሽቦ፣ ሊሆን ይችላልና እንዳትረግጡት።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኮርኒስ ላይ የታየ ውሃ ሁሉ የጣሪያ ፍሳሽ አይደለም። በብርድ ጊዜ ቬንት ዘግተው የሚያበስሉና የሚተኙ ሰዎች ትንፋሽና እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ጠሉ በብርዳማ ጠዋት፣ የጣሪያውን አጥንት (ጣሪያውን የተሸከሙትን ዘንጎች) ተከትሎ ይታያል፤ ፍሳሽ ዝናብን ይከተላል። የኤሲው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በኤሲው ሥር ውሃ ከገባ መፍትሔው ከውስጥ ያሉትን አራት ብሎኖች በልኩ ማጥበቅ ወይም ጋስኬቱን፣ ማለትም በኤሲውና በጣሪያው መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ መለወጥ ነው እንጂ ዙሪያውን በሲላንት መድፈን አይደለም፤ ኤሲው የሚያወጣው ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል።

ወደ ዋራንቲው ልመለስ፤ እዚያ 1 ዓመት ውስጥም ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ መመሪያዎች ባለቤቱ ሲላንቱን በየ90 ቀኑ እንዲመረምር ያዝዛሉ፣ ሲላንትንም ከእንክብካቤ ሥራ ይቆጥሩታል። ጥያቄው ውድቅ ሲደረግ ደብዳቤው ላይ የሚነበበው «የእንክብካቤ ጉድለት» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ እጁን ይሰጣል። መስጠት የለበትም። ያረጀና የተሰነጠቀ ሲላንት የእንክብካቤ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካው ሳይደረግ የቀረ ሲላንት ግን የአሠራር ጉድለት ነው። ያልነበረን ነገር ማንም ሊንከባከበው አይችልም። ልዩነቱን የሚያስረዳው በርክክቡ ቀን የተነሳ ፎቶ ነው።

የተሠራበትንም ወር ተመልከቱ። በተጎታቹ ግራ ጎን፣ ወደ ፊት በኩል በተለጠፈው የፌዴራል ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ሰሜን ኢንዲያና ውስጥ፣ በኤልክሃርት አካባቢ ነው። ከዚያ በአውራ ጎዳና እየተጎተቱ ዲለሩ ዘንድ ይደርሳሉ፤ ፀሐይና በረዶ እየተፈራረቀባቸው ወራት ቆመው ሊከርሙም ይችላሉ። ዋራንቲው የሚቆጠረው ከሽያጩ ጀምሮ ቢሆንም ሲላንቱ ማርጀት የጀመረው ከፋብሪካው በወጣበት ቀን ነው። በእነዚያ ወራት የ90 ቀኑን ምርመራ ማን አደረገ? ዲለሩን የቅድመ ርክክብ ምርመራውን ወረቀት ጠይቁት። ወረቀቱ ላይ ጣሪያው ታይቷል ተብሎ ከተፈረመ፣ በኋላ «ቀድሞም የቆየ ጉዳት ነው» ለማለት ይቸገራል።

ያ መካሪ አንድ ሌላ ነገርም ብሏል፤ «እስኪወስዱት ድረስ እንዳትነካው፣ ከነካኸው ዋራንቲው ይፈርሳል»። ይህ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው። እየዘነበ ያለ ዝናብ ገብቶ እንጨት እንዲያበሰብስ ዝም ማለት ዋራንቲን አይጠብቅም፣ ያሳጣል፤ ጉዳቱ እንዲሰፋ መፍቀድ ራሱን የቻለ የውድቅ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የማግነሰን ሞስ የዋራንቲ ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካላቀረበ ወይም የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካልሰጠው በቀር፣ «የእኔን ምርት ብቻ ካልተጠቀማችሁ፣ እኔ ዘንድ ብቻ ካላሠራችሁ ዋራንቲው አይሠራም» እንዳይል ይከለክለዋል። በእጃችሁ የሠራችሁት ሥራ ያደረሰውን ጉዳት ግን አልከፍልም ማለት ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው መከላከያ ኋላ ሊነሳ የሚችል ነገር ምረጡ። መጀመሪያ ፎቶና ቪዲዮ፣ ከዚያ ሳይበሱ ሸራ ማልበስ፤ ሸራ ካልተቻለ ለሜምብሬኑ የተሠራ እንደ ዳይኮር ያለ ሲላንት በትንሹ። ተራ ሲሊኮን አታስነኩት፤ ሜምብሬኑን በወጉ አይዝም፣ በላዩ ላይም ሌላ ሲላንት አይዝም። ኢተርናቦንድ የሚባለው ተጣባቂ የጣሪያ ቴፕ ግሩም ዕቃ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን አንዴ ከያዘ ሜምብሬኑን ሳይጎዳ አይነሳምና ገና ሊመረመር ላለ ስፌት አይሆንም። ኢፒዲኤምን ደግሞ ከነዳጅ ዘር በሆነ ማጽጃ አትጥረጉ፤ ያብጣል።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር፤ እኔ የጣሪያ ሰው እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ በየቀኑ የምጋፈጠውን ያህል ግን ልበል። ያው ሕግ ከ10 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ የሚሰጥ የጽሑፍ ዋራንቲ «ሙሉ» ወይም «ውስን» ተብሎ እንዲሰየም ያስገድዳል። የተጎታች ዋራንቲዎች «ውስን» ናቸው፤ ይህም ሲባል አምራቹ ወሰኑን ራሱ አስምሯል ማለት ነው። ቢሆንም የጽሑፍ ዋራንቲ የሰጠ ሰው ዕቃው ለታሰበለት አገልግሎት ይበቃል የሚለውን ሳይጻፍ በሕግ ያለ ዋስትና መሰረዝ አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ዘመኑን በጽሑፉ ዋራንቲ ዘመን ልክ መወሰን ነው። ዲለሩ የራሱን የጽሑፍ ዋራንቲ ካልሰጠ ግን በብዙ ክፍለ ግዛቶች «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ሊሸጥ ይችላልና የምትፈርሙትን እዩ። ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የንግድ ሕግ ገዢው ጉድለት ካወቀ በኋላ በተገቢው ጊዜ ካላሳወቀ መፍትሔ የመጠየቅ መብቱን ያጣል ይላል። የዚያ መካሪ «ተረጋግተህ» የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ማሳወቅ ማለት መደወል አይደለም። ስልክ መዝገብ ላይ አይወጣም። ለዲለሩም ለአምራቹም በኢሜይል ጻፉ፤ የተጎታቹን መለያ ቁጥር፣ ያያችሁበትን ቀን፣ ቦታውን በመለኪያ፣ ፎቶውን። ዲለሩ ለአምራቹ የሚልከው ጥያቄ ሦስት ነገር ይዟል፤ ደንበኛው ያለው፣ መንስኤው፣ የተደረገው። የሚያከራክረው መንስኤው ነው። «ጣሪያ ያፈስሳል» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ መንስኤውን ሌላ ሰው ይሞላላችኋል፤ «ከኋላ ቬንት በስተቀኝ፣ ከፋብሪካው ሲላንት ያልተደረገበት ክፍተት፣ ፎቶ ተያይዟል» ካላችሁ ግን ያንን ለመካድ ምክንያት መጻፍ ይኖርበታል። ክፍተቱ ካልታወቀ የግፊት ምርመራ አድርጉልኝ በሉ። ተጎታቹ ተዘግቶ አየር ይነፋበታል፤ ጣሪያው በሳሙና ውሃ ሲረጭ በሚያስገባው ቦታ አረፋ ይነሳል። የአረፋው ፎቶ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ጥገናው አለቀ ሲባል ላይኛውን ብቻ አትቀበሉ። ከላይ አዲስ ሲላንት ተጨምሮ ከሥር እርጥብ እንጨት ከተዘጋበት፣ በመጪው ዓመት የሚመጣው ጣሪያው ረግቦ፣ ግድግዳው ተልጦ ነው፤ ያኔ ዋራንቲው አልፏል። የእንጨቱ እርጥበት ስንት እንደነበርና አሁን ስንት እንደሆነ በሥራ ትዕዛዙ ላይ ይጻፍ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ለመበስበስ የተዘጋጀ ነው፤ ሳይደርቅ ወይም ሳይለወጥ ሊሸፈን አይገባም። እንጨቱን በሚወጋ ፒን የሚለካ መሣሪያ ይጠቀሙ፤ ፒን የሌለው ዓይነት በአሉሚኒየም አጥንት አጠገብ ያሳስታል። በዚያው ወረቀት ላይ ተጎታቹን ያስገባችሁበት ቀን ይኑር፤ ለዚያው ስፌት ዳግመኛ ብትመለሱ፣ ቅሬታው በዋራንቲው ዘመን ውስጥ እንደተጀመረ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው።