ኢ.ኤም.ኤም.ኤል፦ በፊልም የተረፈው የብራና ሀብታችን

ኢ.ኤም.ኤም.ኤል (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) በኢትዮጵያ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾችን እጅግ አሳንሶ በሚይዝ ፊልም፣ ለማስቀረት በ1973 የተጀመረ ሥራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጀመሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በጋራ ነው። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል።

ሐሳቡ የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኩል ነው። የቫንደርቢልቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁር ዋልተር ሃሬልሰን የጥንት ቅጂዎች ያስፈልጉት ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት ከኩምራን ዋሻዎች የወጣው የአረማይስጥ ቁርጥራጭ ነው። ሄኖክን ከልቡ የሚያጠና ሰው የእኛን ብራና ሳያይ አይሆንለትም።

ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ሄደ። ይህንን «ሀብታችን ወጣ» ብለው የሚያዝኑ አሉ። ብራናዎቹ ግን በፊልም ተነሥተው ወደየባለቤታቸው ተመልሰዋል። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ፊልም ማንሣቱ በደርግ ዘመንም ቀጥሏል።

የስብስቡ ስም ከፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተለይቶ አይነሣም። የሸንኮራው ተወላጅ በካይሮና በጀርመን ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1975 ወታደሮች ቤታቸው መጥተው ተኩስ ተከፈተ። ጥይቱ አከርካሪያቸውን መታቸው፤ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። ለሕክምና ወጡ፣ በ1976 ኮሌጅቪል ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፊልሙን አንድ በአንድ ማንበብ ያዙ።

የመጀመሪያዎቹን የካታሎግ ቅጾች ያዘጋጀው ዊሊያም ማኮምበር ነበር። ጌታቸው ከእሱ ጋርም ብቻቸውንም ሠሩ። አሥረኛው ቅጽ በ1993 ሲወጣ በካታሎጉ የተመዘገቡት መጻሕፍት ቁጥር 5000 ደርሶ ነበር። ይህ የርእስ ዝርዝር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፉን ማን አስጻፈው፣ ኅዳጉ ላይ ምን የርስት ጉዳይ ሰፈረ፣ በማን ዘመነ መንግሥት ተጻፈ፣ ሁሉም ተለቅሞ ገብቷል። የታሪክ ጸሐፊ የሚጠማው ይህንኑ ነው። ጌታቸው ራሳቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱትን መነኮሳት፣ የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ ጨምሮ ብዙ ጽሑፎችን ከግእዝ ተርጉመው አሳትመዋል። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2021 ዐረፉ።

ከስብስቡ እጅግ ከሚከበሩት አንዱ ቁጥር 1832 ነው፤ በወሎ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል። በ1280 ገደማ የገዳሙ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ነው። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን መነኮሳቱ ምን ያነቡ እንደነበር ከዚያው ይታወቃል።

ዛሬ ፊልሙ ወደ ዲጂታል እየተገለበጠ በሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይጫናል። ተመዝግቦ ማንበብ በነፃ ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ሐይቅ ድረስ ሳይሄድ ወንጌሉን በስልኩ ይገልጣል።