የሲግናል ተኳሃኝነት ምንድን ነው?

ተርሚናል ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ለማስቆም ኮንትሮል እና ሲ ስትጫኑ፣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል) ለፕሮግራሙ ሲግኢንት የተባለ ሲግናል ይልክለታል። ሲግናል አጭር ማስታወቂያ ነው፦ ተጠቃሚው አቁም ብሏል፣ ያልተፈቀደልህን ሜሞሪ ነክተሃል፣ የፈጠርከው ፕሮሰስ ሥራውን ጨርሷል። ፕሮግራሙ ሃንድለር የሚባል ፈንክሽን አስመዝግቦ ከሆነ እሱ ይጠራል። ካላስመዘገበ ከርነሉ የተለመደውን እርምጃ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ይገድለዋል።

ከርነሉንና ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሰዎች ይለያያሉ፤ ዘመናቸውም ሊራራቅ ይችላል። ስለ ሲግናሉ ቁጥር፣ ስለ ባህሪውና ስለሚይዘው ሜሞሪ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግምት መያዝ አለባቸው። የሲግናል ተኳሃኝነት የሚባለው ይኸው ስምምነት ነው።

ቁጥሩ ቀላሉ ነው። በተለመደው የኢንቴል ሊነክስ ላይ 10 ማለት ሲግዩኤስአር1 ነው፤ ፕሮግራመሩ ለፈለገው ሥራ ያውለዋል። ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን 10 ሲግባስ ነው፤ የሜሞሪ ስህተት። ስለዚህ ስክሪፕት ውስጥ ሲግናል በሚልከው ትዕዛዝ «ኪል -10» ከምትሉ የሲግናሉን ስም ጻፉ።

ባህሪው ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። ሲስተም ፋይቭ በተባለው የዩኒክስ ዓይነት ሃንድለሩ አንዴ ሲጠራ ምዝገባው ይሰረዛል። ፕሮግራሙ መልሶ ሳያስመዘግብ ሁለተኛ ሲግናል ከደረሰ፣ አለቀለት። ሌላው የዩኒክስ ዓይነት፣ ቢኤስዲ 4.2፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ቀየረ፦ ምዝገባው ይጸናል፣ ሃንድለሩ እየሠራ ያው ሲግናል ቢደገም ተራ ይጠብቃል፣ በሲግናሉ ምክንያት መሀል ላይ የተቋረጠ የዳታ ንባብም እንደገና ይጀመራል። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱም የሚጠሩት «ሲግናል» በተባለ ያው ፈንክሽን ነው። የዩኒክስ ዓይነቶችን ለማስማማት የወጣው ፖዚክስ የተባለ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲግአክሽን የተባለውን ፈንክሽን ያመጣው ለዚህ ነው፤ የምትፈልጉትን ባህሪ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ሊነክስ ላይ ደግሞ ከርነሉ የድሮውን የሲስተም ፋይቭ ባህሪ እንደያዘ ነው። ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠሩበት የሲ ላይብረሪ) ግን ከስሪት 2 ጀምሮ፣ በተለመደው አሠራሩ፣ ጥሪውን ወደ ሲግአክሽን አዙሮ የቢኤስዲውን ይሰጣችኋል። አዲስ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ በቀጥታ ሲግአክሽንን ተጠቀሙ።

ብዙ ሰው የማያየው የሜሞሪው ጉዳይ ነው። ሲግናል ሲደርስ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን ሬጂስተሮች (ፕሮሰሰሩ የሚሠራባቸውን ዋጋዎች የሚይዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ስታክ በተባለው የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ሃንድለሩ ሲጨርስ ከዚያው አንስቶ ይመልሳቸዋል። ለሲግናል ብቻ የተለየ ስታክ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። በኢንቴል ሊነክስ የዚያ ስታክ ዝቅተኛ መጠን 2048 ባይት ተብሎ ተወስኖ ነበር። ከዚያ ኤቪኤክስ-512 የተባለው የፕሮሰሰር ማስፋፊያ መጣ፦ 32 ሬጂስተሮች፣ እያንዳንዳቸው 64 ባይት። እነሱ ብቻቸውን 2048 ሞሉት! የቀሩት ሬጂስተሮች የት ይግቡ? ከርነሉ ከስታኩ አልፎ ይጽፍና የፕሮግራሙን ሌላ ዳታ ያበላሻል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ቆይቶ፣ ፈጽሞ በማይገናኝ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ማደን እጅግ አድካሚ ነው።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2021 መጣ። ሊነክስ 5.14 የሚያስፈልገውን መጠን ፕሮግራሙ ሲነሳ ይነግረዋል። ጂሊብሲ 2.34 ደግሞ ቋሚ የነበረውን ቁጥር ፕሮግራሙ እየሮጠ የሚጠየቅ አደረገው። በዚህ ምክንያት ቁጥሩን ለአሬይ መጠን የተጠቀሙ አንዳንድ ፕሮግራሞች ኮምፓይል ማድረግ እምቢ አሉ። ብዙዎች ቢያማርሩም ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ኮምፓይለሩ የሚጮህበት ስህተት በአንድ ቀን ይታረማል። ቀድመው ኮምፓይል የተደረጉት አሮጌ ፕሮግራሞች 2048ን በውስጣቸው እንደያዙ ይሮጣሉ። ቦታው ካልበቃቸው አዲሱ ከርነል ዳታቸውን ከማበላሸት ይልቅ ሲግሴግቪ በተባለው የሜሞሪ ጥሰት ሲግናል ያስቆማቸዋል።