ቮዬጀር 1 እና ቮዬጀር 2

ቮዬጀር 1 እና ቮዬጀር 2 የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1977 ያመጠቃቸው ሰው አልባ መንኮራኩሮች ናቸው። ተከታዩ ቁጥር ቢሰጠውም ቀድሞ የተነሣው ቮዬጀር 2 ነው፤ ቮዬጀር 1 ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሥቶ በአጭሩ መንገድ ጁፒተር ላይ ቀደመው። ሁለቱም በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ የተቀረጸበት በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ ይዘዋል። ከአፍሪካ ሉጋንዳና ሶቶ ሲገኙበት አማርኛ የለበትም።

ጉዞው በዚያ ዓመት የተጀመረው በምክንያት ነው። ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን አንድ መንኮራኩር አራቱንም ሊያዳርስ በሚችልበት አኳኋን የሚሰለፉት በ175 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። መንኮራኩሩ በግዙፍ ፕላኔት አጠገብ ሲያልፍ ስበቱ አቅጣጫውን ያጥፈዋል፤ ፕላኔቱ ፀሐይን ከሚዞርበት ፍጥነትም ጥቂት ተበድሮ ይወጣል። ቮዬጀር 2 በዚህ ዘዴ በ12 ዓመት ኔፕቱን ደረሰ። ዩራነስንና ኔፕቱንን በቅርብ ያየ ሌላ መንኮራኩር እስከ ዛሬ የለም።

ከግኝቶቹ ሁሉ ብዙዎች ያልጠበቁት የመጣው ከጁፒተር ጨረቃ ከአዮ ነው። በማርች 1979 መሐንዲሷ ሊንዳ ሞራቢቶ ለጉዞ አቅጣጫ ሥራ የተነሣ ፎቶግራፍ ሲመረምሩ ከአዮ ጠርዝ በላይ ደመና መሰል ነገር አዩ። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነበር፤ ከምድር ውጭ ሲታይም የመጀመሪያው።

የፀሐይ ብርሃን እዚያ ድረስ እጅግ ስለሚደክም መንኮራኩሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ፕሉቶኒየም ከተባለ ጨረር አመንጪ ብረት ሙቀት ነው። ኃይሉ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል ስለሚቀንስ መሣሪያዎቹ በየተራ እየተዘጉ ነው።

ከግኝቶቹ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ጥገናው ነው። በኤፕሪል 1978 የቮዬጀር 2 ዋና የሬዲዮ መቀበያ ተበላሸ፤ ተጠባባቂውም ከምድር የሚመጣውን ሞገድ ተከትሎ ራሱን ማስተካከል አቃተው። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ የመቀበያውን ሙቀት አስልተው፣ ሊሰማ የሚችለውን ሞገድ መርጠው ትእዛዝ ይልኩለታል። በኖቬምበር 2023 ደግሞ ቮዬጀር 1 ትርጉም የሌለው መረጃ መላክ ጀመረ። ጥፋቱ ከአንድ የኮምፒውተር ማስታወሻ ቺፕ ነበር። የተጎዳውን ፕሮግራም እንዳለ የሚይዝ ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ባለሙያዎቹ ቆራርጠው በየክፍተቱ አስቀመጡት። ትእዛዙ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱም ለመመለስ ያንኑ ያህል ይፈጃል፤ በኤፕሪል 18 ቀን 2024 ልከው በኤፕሪል 20 የሚነበብ መልስ አገኙ። በሥራ ላይ የነበሩት አራቱም የምርምር መሣሪያዎች በጁን ወር መረጃ መላክ ቀጠሉ።